ማግኒዥየም በተልባ

እኔ እንቅልፍ ሸጬ የምኖር ሰው ነኝ። ሸዋሮቢት፣ ከዋናው መንገድ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ የአልጋ ክፍል ኃላፊ ነኝ። ከደሴ የሚወርደው፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ሹፌር ፊቱን እንኳ ሳይታጠብ ቁልፍ ይቀበለኝና ኮሪደሩን ሳልጨርስ ማንኮራፋቱን እሰማለሁ። አንሶላ አስቀይራለሁ፣ ፋኑ መዞሩን አያለሁ፣ አምሽቶ ሙዚቃ የሚያስጮኸውን የጎረቤት ቡና ቤት እሰድባለሁ። ሰው ሁሉ እኔ ዘንድ መጥቶ ይተኛል። የገዛ አባቴ ግን እቤቴ ተቀምጠው እንቅልፍ አጡ። እስቲ አሁን ይሄ ምን ይባላል!

አባባ ወደ እኔ የመጡት ወደው አይደለም። ቤታቸው ቀወት ገጠር ነው፣ ከከተማ በባጃጅ የሚደረስ፣ ተራራው አልቆ ቆላው የሚጀምርበት ቦታ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ከገና በኋላ አንድ ማለዳ፣ ሌሊቱን ዓይናቸውን ሳይከድኑ አድረው ሽንኩርታቸውን ሊያዩ ሲሄዱ፣ እየተራመዱ እንቅልፍ ጣላቸውና ቦይ ውስጥ ወደቁ። ውኃው ጉልበት አይደርስም፤ ግን በፊታቸው ነው የተደፉት። ጎረቤት ባያይ ኖሮ... ይቅር፣ አላወራውም። እኔ ስሰማ እንደ እብድ ሄጄ፣ ልብሳቸውን በፌስታል ጠቅልዬ፣ ባጃጅ ላይ ጭኜ አመጣኋቸው።

«እስከ መቼ ነው?» አሉኝ መንገድ ላይ።

«እንቅልፍዎ እስኪመለስ።»

«ከተመለሰ ትመልሺኛለሽ?»

«እመልስዎታለሁ።»

«በእናትሽ አጥንት?»

በእናቴ አጥንት ማልኩ። እሳቸውም «እንግዲያው ፋሲካን ቤቴ ነው የምፈስከው» አሉና ፊታቸውን ወደ ማሳው አዞሩ። ሰው በአገሩ፣ ሰው በወንዙ ይባል የለ? የእሳቸው ደግሞ ከሰው ሁሉ ይብሳል።

ይብሳል ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። አባባ ብዙ ዘመን የውኃ አባት ነበሩ። የውኃ አባት ማለት የመስኖውን ውኃ ለገበሬው በተራ የሚያድል፣ ሁሉም የሚሰማው ሽማግሌ ነው። ወንዙ አንድ፣ ሽንኩርትና ማሾ የዘራው ብዙ፤ ስለዚህ ውኃው ቀንም ሌሊትም አያርፍም። ተራው ሌሊት የደረሰውን ሰው በሩ ድረስ ሄደው በዱላቸው ኳ ኳ ያደርጉና «ተነሥ፣ ተራው ያንተ ነው» ይሉታል። ልጅ ሆኜ ያ ድምፅ ከቤት ወደ ቤት ሲዞር እየሰማሁ ነው የተኛሁት። ባል የሞተባትን ሴት ተራ የነካ ሰው ካለ ወዮለት! የእሷ ተራ ሲደርስ በር አያንኳኩም፤ አካፋ ይዘው ሄደው ራሳቸው ያጠጡላት ነበር።

እንግዲህ ያ ሰውነት ሌሊት መንቃት የለመደ ነው፣ ይሄን አውቃለሁ። አላስተኛ ያላቸው ግን እግራቸው ነበር። ገና ሸለብ ሲያደርጋቸው ባታቸውን ጨምድዶ ይይዛቸዋል፤ ጅማቱ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። ድሮ እናቴ ተነሥታ ታሽላቸው ነበር። እያሸች ትሰድባቸዋለች፣ እየተሰደቡ ይተኛሉ። እኔ ላሽልዎት ስላቸው ግን «ሂጂ ተኚ፣ ነገ ሥራ አለሽ» ብለው እግራቸውን ይሰበስባሉ።

ሙቀቱ ሲበረታ ሸዋሮቢት ቤት ውስጥ አይታደርም። እኛም እንደ ሰዉ አልጋችንን አወጣን፤ እሳቸው ማንጎው ሥር በጠፍር አልጋ፣ እኔ በረንዳው ላይ በአሮጌ የሽቦ አልጋ። ጠዋት «እንዴት አደሩ?» ስላቸው፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ስጠብቅ አደርኩ» ይሉኛል።

«ምን ሲጠብቁ?»

«ዝም ብዬ።»

ይቺ «ዝም ብዬ» አንጀቴን ትበላዋለች። ዓይናቸው ቀልቶ፣ እንጀራ እየቆረሱ እንኳ ያንጎላጃሉ። እንዲህ ሆነው ቀወት ብልካቸው ቦዩ አይምራቸውም። ደግሞ ካልላክኋቸው ናፍቆቱ ይገድላቸዋል።

መድኃኒት ቤት ሄድኩ። «የእንቅልፍ ኪኒን ስጪኝ» አልኳት ልጅቷን። የአባቴን ዕድሜ ጠየቀችኝና «ያለ ሐኪም ትእዛዝ አልሰጥሽም። ሽማግሌ ሰው እሱን ውጦ ለሽንት ሲነሣ ይወድቃል» አለች። እኔ ደግሞ ቁጡ ነኝ፤ ትዕግሥት ሲታደል አንሶላ እያጠብኩ ነበር መሰለኝ። «እንግዲያው ምን ትሠሪያለሽ እዚህ ቆመሽ?» አልኳት። ልጅቷ አልተቀየመችኝም፤ የእግራቸውን ነገር ስነግራት እንዲያውም ቀረብ አለች። ማግኒዥየም ጎድሏቸው ሊሆን እንደሚችል ነገረችኝ። ማግኒዥየም ጡንቻ ከተጨበጠ በኋላ እንዲፈታ፣ ነርቭም እንዲረጋ የሚያግዝ ነገር ነው፤ ሲያንስ ጅማት ይጨመደዳል፣ ሰውነት አልረጋ ይላል፣ እንቅልፍም ይሸሻል። «ግን እንደ እንቅልፍ ኪኒን ጠልፎ አይጥልም፤ ደግሞ ሐኪም ሳያያቸው...» እያለች ሳትጨርስ እኔ ከፍዬ የእንክብል ብልቃጡን ይዤ ወጥቻለሁ።

እቤት ስደርስ ሌላ ጣጣ። ወቅቱ ሁዳዴ ነው። አባባ እንክብሏን በሁለት ጣታቸው ይዘው እንደ ዘር ሽንኩርት አገላበጧት።

«ይሄ ቅርፊቱ ምንድን ነው?»

«ቅርፊት ነዋ!»

«ከምን ተሠራ?»

ወይ ጣጣዬ! ለልጅቷ ደወልኩና ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አደረግኩት። እሷም በየዋህነት «ከከብት ቆዳና አጥንት ነው የሚወጣው» አትልም? አባባ እንክብሏን ወደ ብልቃጧ መለሷት። «ለፋሲካ ትቆየኝ» አሉ።

«ሳይተኙ ፋሲካ ወዴት ነው የሚሄዱት? ማን ይለቅዎታል?» ስቆጣቸውም በአንቱ ነው የምቆጣቸው፤ አስተዳደጌ ነው፣ ምን ላድርግ።

የነፍስ አባታችንን አስጠራሁ። «ለመድኃኒትማ ምን ከልካይ አለው፣ ይውሰዱ እንጂ» አሉ። አባባ እጃቸውን አጣምረው ሰሙ፣ መስቀል ተሳለሙ፣ እስከ በር ሸኟቸው። ተመልሰው «ቄሱ ደግ ሰው ናቸው» አሉና አልወሰዱም። ያን ጊዜ ግቢው እስኪናወጥ ጮኽኩ። እሳቸው ማንጎው ሥር ተቀምጠው ፈገግ አሉና «ተልባ ቢንጫጫ ባንድ ሙቀጫ» አሉኝ።

ተልባ ሲሉ ነው የበራልኝ። ለጾሙ ማታ ማታ ተልባ እበጠብጥላቸዋለሁ። ብርጭቆውን አምጥቼ፣ እንክብሏን ፊታቸው ጠምዝዤ ከፈትኩና ነጩን ዱቄት ተልባው ውስጥ አራገፍኩት። ቅርፊቱን ለዶሮዎቹ ወረወርኩ። «እነሱ አይጾሙም» አልኳቸው።

«ይሄ ዱቄቱስ?»

«ከመሬት የሚወጣ ነገር ነው።»

«ከመሬትማ ከሆነ ዘመዴ ነው» አሉና ግጥም አድርገው ጠጡ።

ጥቂት ቀን እንዲህ አደረግን። ለውጥ የለም። እኔ ጠዋት ጠዋት ፊታቸውን እመረምራለሁ፣ እሳቸው «ስጠብቅ አደርኩ» ይላሉ። ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከሥራ ስገባ ዶሮዎቹ ጠፍር አልጋው ሥር ተሰብስበው ይራኮታሉ። ቀረብ ብዬ ሳይ መሬቱ በቅርፊት ነጥቷል። ብልቃጧ ግማሽ ሆናለች።

«አባባ! ምን አደረጉ?»

«አጠጣሁት።»

«ማንን?»

«ሰውነቴን ነዋ።» ፍርድ እንደሚሰጥ ሽማግሌ ረጋ ብለው ነው የሚያስረዱኝ። «መሬት ተሰነጣጥቆ ሲቆይ የመጀመሪያዋ ውኃ አትሰሰትም። እስኪጠግብ ትለቂበታለሽ፤ በልክ የምትሰጪው ከዚያ ወዲያ ነው። አንቺ በጠብታ እየሰጠሽ መቼ ሊርስ?»

ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩበትን ነው የነገሩኝ፤ ለሽንኩርት ቢሆን ልክ ነበሩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ብለው ያሳደጉኝም እሳቸው ናቸው። ገና ሳይመሽ ሆዳቸው ተለቀቀ። ወደ ሽንት ቤት ሲመላለሱ ጉልበታቸው ከዳቸው፤ ከንፈራቸው ደረቀ፤ መቆም አቃታቸው። ባጃጅ አስጠርቼ ደግፌ ወደ ክሊኒክ ወሰድኳቸው። መንገዱን ሁሉ አለቅሳለሁ፣ እያለቀስኩ እቆጣለሁ። እሳቸው እያላባቸው ጆሮዬ ሥር ጠጋ አሉና «ቦዩ ተናደ፣ ልጄ» አሉኝ። ሳቅም ለቅሶም አንድ ላይ መጣብኝ።

ዶክተሩ ግሉኮስ ሰቀለላቸው፤ ደም ተወሰደ። «ስንት ወሰዱ? ኩላሊታቸው ታይቶ ያውቃል?» አለኝ። አላውቅም አልኩ። ኩላሊት ከደከመ ማግኒዥየሙ ሰውነት ውስጥ ተከማችቶ ልብንም ሊያውክ እንደሚችል ነገረኝ። ውጤቱ እስኪመጣ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ፣ በገዛ እጄ አባቴን፣ በገዛ እጄ፣ እያልኩ ነበር። ልጅቷ «ሐኪም ሳያያቸው» ስትለኝ ጆሮዬ የት ነበር?

ኩላሊታቸው ደህና ሆኖ ተገኘ። እመቤቴ ትመስገን፣ እዚያው ወለሉ ላይ ነው የተንበረከክሁት። ዶክተሩ ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት እንዳለ ሲጠይቃቸው፣ አባባ ከኮታቸው ኪስ አንድ የተጨማደደ የጨጓራ መድኃኒት አወጡ። ለካ እናቴ በሕይወት እያለች ጀምሮ፣ ሲያልቅ እየገዙ፣ ማንንም ሳይጠይቁ ሲውጡት ኖረዋል። «ይሄ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ማግኒዥየም ሊያሳንስ ይችላል» አለ ዶክተሩ። ማግኒዥየሙን ለማየት ደሙን ወደ ደብረ ብርሃን ላከው፤ ኋላ መልሱ ሲመጣም እንደጠረጠረው ዝቅ ያለ ነበር። የጨጓራውን መድኃኒት ቀየረላቸው። ማግኒዥየሙን ደግሞ ሆዳቸው ሲረጋ በትንሽ መጠን፣ ከምግብ ጋር፣ በየቀኑ እንዲወስዱ አዘዘ።

«አባቴ፣ የጎደለ ነገር በአንድ ቀን አይሞላም። ሰውነት ባንዴ የሚይዘው ትንሽ ነው፤ የተረፈውን ያፈሰዋል» አላቸው።

አባባ ግሉኮሱ ጠብ ጠብ ሲል ትክ ብለው አዩት። «እንዲህ በሉኝ እንጂ! ለካ ችግኝ ነው። ችግኝ በጣሳ ነው የሚጠጣ።»

«አዎ አባቴ፣ ችግኝ ነው» አለ ዶክተሩም።

ከዚያ ወዲያ መጨቃጨቅ ቀረ። እንክብሏን ራሳቸው ይከፍቷታል፣ በልክ፣ አንዲት ቅንጣት ሳይደፉ። ዶክተሩ ምግቡም ይረዳል ስላለን ማሾ በየቀኑ መቀቀል ጀመርኩ፤ ጎመን አበዛሁ፣ የዱባ ፍሬ ቆላሁ። ማሾ እኛ ዘንድ ለነጋዴ የሚሸጥ እህል ነው፤ ዘርተን ለቅመን ወደ ውጭ አገር እንሰደዋለን እንጂ ገበታችን ላይ ብዙም አናየውም። አባባ ከወጡ እየጠቀሱ «አየሽ፣ ፈረንጅ እንቅልፉን የሚለጥጠው ለካ በኛ ማሾ ነው» ይሉኛል። ዶክተሩ ስለ እንቅልፉ ቃል አልገባልንም ነበር። ጎድሎ ከሆነ ሲሞላ እግሩ ሊታገሥ ይችላል፣ እግሩ ሲታገሥ እንቅልፉ ሊከተል ይችላል፤ ያለው ይህን ብቻ ነው። እኔ «ይችላል» የሚለው ቃል ላይ ተንጠልጥዬ ሰነበትኩ።

እግሩ ቀስ እያለ ተወ። መጀመሪያ አልፎ አልፎ ሆነ፤ ከዚያ «ትናንት መጣና ደጅ ቆሞ ተመለሰ» አሉኝ። አንድ ጠዋት ደግሞ ከእንቅልፌ ስነሣ ፀሐይዋ ማንጎውን አልፋ እግራቸው ላይ ወጥታለች፤ እሳቸው ግን አልተንቀሳቀሱም። አንዲት ዶሮ ደረታቸው ላይ ቆማለች። በባዶ እግሬ ሮጬ አጠገባቸው ስደርስ፣ አፋቸውን ከፍተው እንደ ከባድ መኪና ሹፌር ያንኮራፋሉ። ዶሮዋን አባረርኩና መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ደስታ ነበር። ደስታ ብቻ ግን አልነበረም፤ በእናቴ አጥንት የማልኩት ትዝ ብሎኝ ነው።

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ «እንዴት አደሩ?» ስላቸው «ተኝቼ አደርኩ» ይላሉ። እኔ ስሰማ ከንፈሬ ይስቃል፣ ሆዴ ይባባል። ከሥራ ስገባ «መጣሽ እናቴ?» የሚለኝ ድምፅ ለምዶብኛል። ምነው ያ እግራቸው አንዴ እንኳ ተመልሶ በያዛቸው ብዬ የተመኘሁበት ቀን አለ፤ አቤት የሰው ልብ! የሆሣዕና ሰሞን ልብሳቸውን ማጣጠፍ ሲጀምሩ አላስቻለኝም።

«ምን አስቸኮለዎት? እስኪ ትንሽ ይሰንብቱ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይሉኝ አልነበር?»

«ቃልሽ፣ ልጄ።»

«ቃሌንማ ረሳሁ ወጣኝ?» ብዬ ጮኽኩና ሄጄ ዕቃ ማጠብ ጀመርኩ። ያላደፈውን ሁሉ አጠብኩት።

የሆሣዕና ዋዜማ ቅዳሜ በባጃጅ ወሰድኳቸው። ባለ ባጃጁ እስክመለስ ደጅ እንዲጠብቀኝ ነገርኩት፤ ከሰዓት በኋላ ሥራ አለኝ። አባባ ቤት ሳይገቡ ቦዩ ዳር ሄደው ቆሙ፣ ጎንበስ ብለው እጃቸውን ነከሩ። ቤቱን ጎረቤቶች ጠርገው ጠብቀውናል። ውስጡ ቀዝቀዝ ይላል። የእናቴ መደብ እንደ ድሮው ቆዳ ተነጥፎበታል፤ እዚያ ላይ ተቀመጥኩ። አባባ ተልባ በጥብጠው አንድ ብርጭቆ ሰጡኝና፣ ከኮታቸው የውስጥ ኪስ ያልተከፈተች አዲስ ብልቃጥ አውጥተው አጠገቤ አስቀመጡ።

«የእርስዎ አላለቀም እኮ» አልኳቸው።

«ይቺ ያንቺ ናት።»

«እኔ እግሬን አላመመኝ።»

«አውቃለሁ። ዶክተሩ ኩላሊትሽን ሳያይ እንዳትነኪያት፤ እኔ ተምሬያለሁ።» ጀርባቸውን ግድግዳ አስደግፈው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። «ሌሊት የማይተኛ ሰው ሌላውን የማይተኛ ያውቀዋል። ማንጎው ሥር ስነቃ በረንዳው ላይ ያንቺ አልጋ ሲጢጥ ይላል። እኔ ስተኛ ትተኛለች ብዬ ነበር። አልተኛሽም። እናትሽ ካረፈች ጀምሮ ነው፣ አይደል?»

እውነት ነው። ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ እንቅልፍ ሻጭ እንቅልፍ የለኝም ብትል ማን ያምናታል? እናቴ ካረፈች ወዲህ ዓይኔን ስከድን እሷን የቀበርንበት ቀን ይመጣል። ንጋት ላይ ትንሽ አሸልባለሁ፤ ከዚያ ተነሥቼ ለሰው አንሶላ አነጥፋለሁ።

«ስጠብቅ አደርኩ ያልኩሽ አንቺን ነበር» አሉ አባባ። «እስካሁን ሁለት ሆነን ነበር የምንነቃው። አሁን የኔ እንቅልፍ መጣ። ብቻዋን ልትነቃ ነው ብዬ ሰጋሁ።»

እዚያው መደቡ ላይ እንደ ሕፃን ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። እናቴን ስንቀብር ያላለቀስኩትን ነው ያለቀስኩት፤ ያኔ ሰው ሳስተናግድ ጊዜ አልነበረኝም። አባባ አላባበሉኝም፤ ባቴን ማሸት ጀመሩ፣ እናቴ እሳቸውን ታሽ እንደነበረው። ለቅሶዬ ሲያልቅ ሰውነቴ ሁሉ ዛለ። ተልባውን አንስቼ ጠጣሁት። ማግኒዥየም በተልባ አንድ ጊዜ ተጠጥቶ እንደማያስተኛ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ደግሞም ብልቃጧ አልተከፈተችም።

«ልሂድ፣ ባጃጁ ቆሟል» አልኩ፤ ግን አልተነሣሁም።

አባባ ዱላቸውን ይዘው ወጡ። ባለ ባጃጁን «ሂድ ልጄ፣ ነገ ና» ሲሉት ሰማሁ። ተመልሰው ደፉ ላይ ተቀመጡና የበሩን መቃን በዱላቸው ቀስ አድርገው ኳ ኳ አደረጉ።

«ተኚ» አሉኝ፣ «ተራው ያንቺ ነው።»

ባጃጁ አስነሥቶ ሲሄድ ትዝ ይለኛል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አላስታውስም።